የተሸፈኑት ኮከቦች

ኮከቧም ቀለበት ነበራት።

መምህርቷ ምስሉን አጉልታ አየችው፤ አሳነሰችው፤ እንደገና አጎላችው። ከጋላክሲዋ ርቃ በማያ ገጹ ጥግ ለብቻዋ የቆመች አንዲት ተራ ኮከብ፣ ቀይ ልብና ሰማያዊ ቀለበት ይዛ ትታያለች። ከጎኗ ያለችውም እንዲሁ። ከታች ያሉትም እንዲሁ። ከዚያ ርቀት የምትታይ ኮከብ ደግሞ ነጥብ ናት። ነጥብ መሃልና ዳር የለውም፤ ቀለበት ከየት ያመጣል?

ጠዋቱን ስትፈልግ የቆየችው አንድ ልዝብ ጥያቄ ነበር። ከሰዓት በኋላ የትምህርት ክፍሉ አንዲት ተማሪ የዶክትሬት ጥናቷን ታቀርባለች፤ መምህርቷ የውስጥ ፈታኝ ናት። የውስጥ ፈታኝ ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሚጠይቅ በልማድ ይታወቃል፤ ተማሪዋን የማያስደነግጥ፣ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡትን እንግዳ ፈታኝ የማያሰለች፣ ለጭብጨባው መንደርደሪያ የሚሆን። በጥናቱ ሥዕሎች ላይ እዚህም እዚያም የተደረጉትን ጥቁር ክቦች አየች። ኮከቦች የነበሩባቸው ቦታዎች ናቸው። የጋላክሲው ብርሃን ሲለካ እንዳይቀላቀሉ ኮከቦችን መሸፈን የተለመደ ስለሆነ ማንም ለምን አይልም። «ስትሸፍኚ ምን መለኪያ ተጠቀምሽ?» ብትላት በቂ ነው ብላ ያልተሸፈነውን ምስል ከፈተች። ያኔ ነው ቀለበቶቹን ያየቻቸው።

አፏ ውስጥ የሆነ ነገር የገባባት መሰላት። ሰው ቤት ተጋብዞ፣ ባለቤቶቹ ፊት ለፊት ተቀምጠው እያዩ፣ የጎረሱት ውስጥ ፀጉር ሲገኝ እንዲህ ነው። መትፋት ነውር፤ መዋጥ ደግሞ አይሆንም።

ለሙያው ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። የጋላክሲ ቀለም የሚለካው አንዱን ጋላክሲ በሰማያዊና በቀይ ማጣሪያ ለየብቻ አንስቶ ሁለቱን ምስሎች በማነጻጸር ነው። ሰማያዊው ሲነሳ አየሩ ታውኮ ከነበረ ምስሉ ይደበዝዛል፤ የመሃሉ ሰማያዊ ብርሃን ወደ ዳር ይፈስሳል። ቀዩ ጥርት ብሎ ይቀራል። ሁለቱ እንዳሉ ከተነጻጸሩ መሃሉ ያለልኩ ይቀላል፤ ዙሪያው ሰማያዊ ቀለበት ይሠራል። ስለዚህ አስቀድሞ ጥርት ያለውን ምስል በደበዘዘው ልክ ማደብዘዝ የግድ ነው። ይህ አልተደረገም። በመሃላቸው የኮከቦች ዘንግ በተጋደመባቸው ጋላክሲዎች እምብርት ዙሪያ «አዳዲስ ኮከቦች የሚወለዱበት ቀለበት» ተብሎ የተጻፈለት፣ በቴሌቪዥን የታየው፣ በትምህርት ክፍሉ መግቢያ ላይ በትልቁ ታትሞ የተሰቀለው ቀለበት የታወከ አየር ነበር። አየር!

ስልኳን አነሳች። «ኦቾሎኒ፣ እስኪ አንዴ ብቅ በይ።»

ተማሪዋን ኦቾሎኒ የማይላት የለም። ዘንግ ያላቸው ጋላክሲዎች ከጎን ሲታዩ የአንዳንዶቹ እምብርት ሳጥን ይመስላል፤ የአንዳንዶቹ ደግሞ እንደ ኦቾሎኒ ቅርፊት ግራና ቀኙ ያብጥና ወገቡ ይሰረጉዳል። እሷ እነዚህን ስትለይና ስትለካ ዓመታት አልፈዋል። ስሙን ያወጣላት የሂሳብ ክፍል ተማሪ ነው ይባላል፤ እሷም አልተቆጣችም።

«ዶክተር፣ ሸሚዜን አዩልኝ? እናቴ ደጋግማ ስትተኩሰው ልታቃጥለው ነበር እኮ» አለች ገና ከበሩ።

«ያምራል። ነይ ወዲህ።»

ኦቾሎኒ ወደ ማያ ገጹ ጎንበስ አለች። ፈገግታዋ በአንዴ ጠፋ።

«ሽፋኑን አነሱት» አለች።

መምህርቷ ከዚህ በኋላ ብዙ መጠየቅ አላስፈለጋትም። «ይሄ ምንድን ነው?» ማለት የነበረባት ልጅ «አነሱት» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«መጣጥፋችን ሳይላክ በፊት። ለጋሼ አሳይቻቸው ነበር።» ጋሼ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊና የኦቾሎኒ አማካሪ ነው፤ ከጽዳት ሠራተኛዋ እስከ ዲኑ ሁሉም ጋሼ ይሉታል። «'ዓይን ይሻማሉ፣ ሸፍኚያቸው' አሉኝ። ቀዩን ላደብዝዘውና እንደገና ልሥራው ስላቸው ሳቁብኝ። 'ቀለበቱን ልታጠፊው ነው? ለኦቾሎኒሽ ቴሌቪዥን የሚመጣ መሰለሽ?' አሉኝ።»

«እና ሸፈንሽ።»

«ሸፈንኩ።» ከሸሚዟ አንገት ላይ የሌለ ክር ጎተተች። «ዶክተር፣ ቅርጹ ግን የኔ ነው። እሱን በቀዩ ምስል ብቻ ነው የሠራሁት። ቅርጹ ላይ ምንም ነገር የለም።»

«አንብቤዋለሁ። ጥሩ ሥራ ነው።»

«ታዲያ አሁን ምን ላድርግ?»

«ራስሽ ተናገሪው። እኔ ሳልጠይቅሽ።»

«እናቴ እኮ ውጭ ተቀምጣለች!»

«አውቃለሁ።»

«ባልናገርስ?»

«እጠይቅሻለሁ።»

«ይጥሉኛል።»

መምህርቷ አይጥሉሽም ልትላት አፏን ከፈተችና ተወችው። «ሊጥሉሽ ይችላሉ» አለች።

ኦቾሎኒ ዓይኗን በተተኮሰው እጅጌዋ ልትጠርግ ብላ እንዳታበላሸው ፈርታ መሰል፣ በመዳፏ ጠርጋ ወጣች።

በኮሪደሩ እናትየዋ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጫማቸው አዲስ ነው፤ ተረከዛቸውን አውጥተው ጫማውን ረግጠውታል። መምህርቷን ሲያዩ ፈጥነው መልሰው አጠለቁት።

«አንቺ ነሽ አይደል መምህሯ? የኔ እመቤት! ልጄ ስላንቺ አውርታ አትጠግብም። ሥራዬ የሚገባት እሷ ብቻ ናት ትለኛለች። እኔማ ምኑንም አላውቀው፤ ጎረቤቶቼ 'ልጅሽ ምን ታጠናለች?' ሲሉኝ 'ሰማይ ላይ ያለ ኦቾሎኒ' ስላቸው ቆልታ ትሸጠዋለች ወይ ብለው ይስቁብኛል።»

«ጎበዝ ልጅ አለችዎት» አለች መምህርቷ። ይህን ስትል አልዋሸችም፤ ግን ዓይናቸውን ማየት አልቻለችም፤ ወደ ጠረጴዛው ዞረች።

ጠረጴዛው ላይ ኬክ ተቀምጧል። ጋሼ ያዘዘው ነው። የጋላክሲ ቅርጽ ተሰጥቶታል፤ ሁለት ጠመዝማዛ ክንድ፣ በመሃሉ የተጋደመ የክሬም ዘንግ፣ ዘንጉ ላይ ቀይ ማርማላታ፣ በማርማላታው ዙሪያ ደግሞ ዓይን የሚወጋ ሰማያዊ ቀለበት። ሙቀቱ ሰማያዊውን ማቅለጥ ጀምሯል። እንደ ልብስ እጣቢ ወደ ቀዩ እየፈሰሰ፣ ሁለቱ የተገናኙበት ቦታ የቁስል ቀለም ይዟል። አንድ ሰው ከቀለበቱ ላይ በጣቱ ጠርጎ ወስዷል።

«ጋሼ ናቸው» አሉ እናትየዋ፣ የልጅ ጥፋት እንደሚያጋልጥ ሰው አፋቸውን ሸፍነው እየሳቁ። «ለገድ ነው ብለው ቀመሱት። ደግ ሰው ናቸው፤ ወንበሩን ያመጡልኝ ራሳቸው ናቸው።»

የጋሼ ቢሮ በር እንደ ሁልጊዜው ገርበብ ብሏል። ክራቫቱን እያሰረ «ነይ እህቴ፣ ግቢ!» ሲላት ምላሱን አየችው። ሰማያዊ ነው። ከንፈሩም ዳር ዳሩ ሰማያዊ ነው።

«ጋሼ፣ ኮከቦቹም ቀለበት አላቸው።»

ክራቫቱ ላይ ያሉት ጣቶቹ ቆም አሉ፤ ቀጠሉ። «አንቺ ደግሞ! ሌላው ያላየውን ካላየሁ ትያለሽ። በኋላ እናየዋለን። ዛሬ የልጅቷ ቀን ነው።»

«ልጅቷ አሳይታዎታለች።»

«አሳይታኛለች። ሸፍኚያቸው ያልኳትም እኔ ነኝ። ኮከብ ያልሸፈነ ማን አለ? አንቺስ አልሸፈንሽም?»

«የሸፈንኩት ለመለካት ነው። ለመደበቅ አይደለም።»

«ሽፋን ያው ሽፋን ነው።» ወንበር ሳበላት፤ አልተቀመጠችም። «ስሚኝ። ይሄ ክፍል ሊዘጋ ነበር፤ ታውቂያለሽ። የቆመው በዚያ ቀለበት ነው። ሰው የሚወደው ቀለም ነው፤ ለቅርጽ ማን ደንታ አለው? አለቆቻችን ፊት ቀርቤ 'ሳጥን አገኘን፣ ኦቾሎኒ አገኘን' ብላቸው ገበያ ውዬ የመጣሁ ነው የሚመስላቸው!» በራሱ ቀልድ ሳቀ፤ ሰማያዊው ምላስ እንደገና ታየ። «ትመረቅ። ከዚያ ቀስ ብለን ማረሚያ እንልካለን። ማን ይሞታል?»

«ማረሚያውን ማን ይጽፈዋል?»

«እሷ ትጻፈዋ! ያኔ ዶክተር ናት።»

ጠረጴዛውን ዞሮ መጣና እጁን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባልሽ ታሞ ጊዜ ክፍልሽን ማን ያዘልሽ? አንድ ቀን አንስቼብሽ አውቃለሁ? እሱ ቢኖር ተይው ነበር የሚልሽ። ሰው ማስቀየም የማይወድ፣ ጨዋ ሰው። ነፍሱን ይማረው።»

ጋሼ ያለው ሁሉ እውነት ነበር። መንፈቁን ሙሉ በእሷ ፈንታ አስተምሮላታል። በገዛ መኪናው ሆስፒታል አመላልሷቸዋል። ሊፍቱ ተበላሽቶ በነበረ ጊዜ ባሏን ደግፎ በደረጃ ሲያወርደው ከኋላ ሆና አይታለች፤ በየደረጃው እየቆመ፣ ሳይቸኩል፣ ሌላ ወሬ እያወራለት። ያንን ደረጃ ለማንም ተናግራ አታውቅም። ለራሷም ቢሆን ብዙ ጊዜ አታወጣውም፤ እንዳይሳሳባት አስቀምጣው ነበር። አሁን ያ ሰማያዊ ምላስ ልሶ የመለሰላት መሰላት።

«እጅዎን ያንሱልኝ፣ ጋሼ።»

አነሳ። አልተቆጣም፤ እንዲያውም ሐዘኔታ ፊቱ ላይ ታየ። «ቀለል ያለ ጥያቄ ጠይቂያት፣ እሺ?» አለ፤ ለታመመ ሰው እንደሚነገር አድርጎ።

መጸዳጃ ቤት ገብታ እጇን ታጠበች። እጇን አልነካውም፤ ትከሻዋን ነው የነካው፤ ግን ትከሻ በመታጠቢያ ገንዳ አይታጠብም። ሳሙናው ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ፀጉር ተለጥፏል። በመስታወቱ ውስጥ ራሷን እያየች፣ ድምፅ ሳታወጣ፣ «ስትሸፍኚ ምን መለኪያ ተጠቀምሽ?» ማለት ያዘች። ጥያቄው አፏ ላይ ቀላል ነበር። እንዲያውም ምቹ ነበር። ቧንቧውን ከፍታ አፏንም ተጉመጠመጠች።

አዳራሹ ሞልቷል። እናትየዋ ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል። የውጭ ፈታኙ፣ ዝምታ የሚወዱ አዛውንት፣ እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ያዳምጣሉ።

ኦቾሎኒ ቅርጹ ላይ ስትደርስ ሌላ ሰው ሆነች። አንድ ቀጭን ወረቀት አነሳችና ሁለቱን ጫፎች ይዛ ወደ መሃል ገፋችው፤ ወረቀቱ ጎበጠ። «ዘንጉም እንደዚህ ነው» አለች። «ጠፍጣፋ ሆኖ ይፈጠራል፤ ጊዜው ሲደርስ ራሱን መሸከም ያቅተውና ወደ ላይና ወደ ታች ይጎብጣል። ጉብጠቱ ተረጋግቶ ሲቀር ከጎን የምናየው ኦቾሎኒ ነው። ከሌላ ጋላክሲ ጋር ተጋጭቶ ያበጠ እምብርት ግን ክብ ነው። ስለዚህ ቅርጹን ያየ፣ ጋላክሲው ያደገው ከውስጡ ይሁን ከውጭ በመጣበት ያውቃል።» የውጭ ፈታኙ እርሳሱን ከጆሯቸው አውርደው ጻፉ። መምህርቷ ለአፍታ የመጣችበትን ረስታ ነበር።

ከዚያ ቀለሙ መጣ። ሰማያዊው ቀለበት ግድግዳውን ሞላው። ከኋላ ያሉት አጨበጨቡ። ኦቾሎኒ ወደ መምህርቷ አየች፤ ወረቀቷን አየች፤ ውሃ ጠጣች። «እዚህ ላይ...» አለችና ቆመች። ጋሼ ከፊት ሆኖ ራሱን በማበረታታት ነቀነቀላት። «እዚህ ላይ የምናየው የአዳዲስ ኮከቦች ቀለበት ነው» አለች፤ አለፈችው።

የጥያቄው ተራ ሲደርስ መምህርቷ ማይክሮፎኑን ሳታነሳ ተናገረች። ድምፏ እንዲጮኽ አልፈለገችም።

«ስለ ቅርጹ ጥያቄ የለኝም። ከዚህ ክፍል የወጣ እንዲህ ያለ ሥራ አላየሁም። ስለ ቀለሙ ልጠይቅሽ። ከማነጻጸርሽ በፊት ሁለቱን ምስሎች እኩል አደብዝዘሻል?»

«በመርህ ደረጃ ይህ...» አለ ጋሼ ብድግ ብሎ።

«ጥያቄው ለእሷ ነው።»

ኦቾሎኒ ያንን የጎበጠ ወረቀት ሳታውቀው በእጇ ጨምድዳዋለች። «አላደበዘዝኩም» አለች።

«ሽፋኑን ብናነሳው ኮከቦቹ ምን ይመስላሉ?»

«እነሱም ቀለበት አላቸው።» ከዚያ፣ ያልሰማት ሰው እንዳይኖር የፈለገች ይመስል፣ ጮክ ብላ፤ «ሁሉም አላቸው።»

የገባቸው ተንጫጩ። ያልገባቸው የገባቸውን ማየት ጀመሩ። እናትየዋ ልጃቸው ከባድ ጥያቄ የመለሰች መስሏቸው በኩራት ፈገግ እንዳሉ ናቸው።

እንደ ደንቡ ሁለቱ ፈታኞችና ጋሼ ለመምከር ወደ ጎን ያለችው ትንሽ ክፍል ገቡ፤ ተማሪዋ ውጭ ትጠብቃለች። ጋሼ በሩን ራሱ ዘጋው።

«ስህተት ቢሆን ቀላል ነበር» አሉ የውጭ ፈታኙ እየተቀመጡ። «እኔም በወጣትነቴ እንዲህ ያለ ቀለበት አግኝቼ ሳምንቱን ስጨፍር ከርሜያለሁ። ምዕራፉ ወጥቶ በቅርጹ ትመረቅ እንል ነበር። አይቶ መሸፈን ግን ሌላ ነው። ማነው የሸፈነው?»

«ልጅቷ ናት» አለ ጋሼ።

ምንም ሳያመነታ ነው ያለው። ፊቱን በሁለት መዳፉ አሸ። «ምን ልበልዎት፣ አፍሬያለሁ። እኔ ሥዕሎቹን ተሸፍነው ነው ያየኋቸው። የዛሬ ልጆች ለስም ይቸኩላሉ፤ አማካሪ ደግሞ እያንዳንዱን ምስል ከፍቶ አያይም። አምኛት ነበር።»

ይህን ሲል ወደ መምህርቷ ዞር አለ። ልመና አልነበረበትም፤ ማስፈራራትም አልነበረበትም። ያበደረውን የሚቀበል ሰው ዓይን ነበር፤ የተረጋጋ፣ ደግነት እንኳ ያለበት።

«እንደዚያ ከሆነ» አሉ የውጭ ፈታኙ በቀስታ፣ «መጣል ብቻ አይደለም። መባረርም አለበት። ቅርጹም አብሮ ነው የሚሄደው፤ የዋሸን ሰው ሥራ ግማሹን አምኖ ግማሹን መተው አይቻልም። ዶክተር፣ እርስዎስ የሚያውቁት ነገር አለ?»

ጠዋት ጋሼ ቢሮው ውስጥ ሲያምን ከእሷ ሌላ የሰማ ሰው አልነበረም። ዝም ለማለት ምንም ማድረግ አያስፈልጋትም፤ እንደተቀመጠች መቀመጥ ብቻ ይበቃል። ጋሼ ያንን ደረጃ ደግፎ ያወረደው ለዛሬ ብሎ አልነበረም፤ ይህን ታውቃለች። ግን ዛሬ ሲቸግረው አውጥቶ ሸጠው፤ ልጅቷንም እንዲሁ።

ተነሳች።

«ወዴት ነው?» አለ ጋሼ።

«ልጅቷን ላስገባት።»

«ደንቡ አይፈቅድም! ፈታኞች ሲመክሩ ተማሪ አይገባም። አንቺ፣ ምን ነክቶሽ ነው?»

በሩን ከፈተችው። ኦቾሎኒ ከግድግዳው ተደግፋ ቆማለች። እናትየዋ አጠገቧ ሆነው፣ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው፣ የሸሚዟን እጅጌ በመዳፋቸው ያስተካክላሉ። ከኋላቸው ሰዎች በየቡድኑ ቆመው ያንሾካሽካሉ፤ በሩ ሲከፈት ዝም አሉ።

«ግቢ» አለቻት። «እርስዎም ይግቡ፣ እናቴ።»

እናትየዋ ገብተው የት እንደሚቆሙ ግራ ሲገባቸው መምህርቷ የራሷን ወንበር ሳበችላቸው። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞረች።

«አሁን ያሉትን ለእሷም ይድገሙላት። ከዚያ ጠዋት በራስዎ አፍ የነገሩኝን እኔ እናገራለሁ።»

ጋሼ የሚያየው ከእሷ ጀርባ ያለውን ኮሪደር ነበር።

«ቢያንስ በሩን ዝጊው» አላት በመጨረሻ።

መምህርቷ እጀታውን ለቀቀችው፤ በሩን ግን አልዘጋችውም።